«አባትህ ነጋዴ አልነበሩም እንዴ?»

እስቲ ዛሬ ጉዴን ላውጣው። ባል ከሚስቱ የሚደብቀው ነገር አያጣም። አንዱ ደመወዙን ይደብቃል፤ ሌላው የጥንት ፍቅረኛውን ፎቶግራፍ በመጽሐፍ መሐል ሸጉጦ ይኖራል። እኔ ግን የደበቅሁት አባቴን ነው! አትሳቁ። አባቴ በሕይወት አለ፤ እሑድ እሑድ በስልክ እናወራለን፤ ባለቤቴም «አባባ ደኅና ነዎት ወይ» ትለዋለች። የደበቅሁት ሥራውን ነው። ያጋለጠኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? መዳፌ ላይ የሚቀመጥ የመጫወቻ መኪና ጎማ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው በአውሮራ ከተማ ነው። ሐበሻ የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ እንጀራም ወሬም አይቸግርም። ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴን ያገኘኋት እዚሁ ሲሆን የተጋባነው በ2013 ነው። ስንጋባ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ ነበራት። «የእንጀራ ልጅ» የሚለውን አጠራር አልወደውም፤ ልጁን እንጀራ ቆጥሬ የሰጠሁት ያስመስልብኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ «ልጁ» እያልኩ ልቀጥል።

ልጁ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ከእኔ ጋር ያወራው ቢጠራቀም ከፒያሳ አራት ኪሎ ለሚያደርስ የታክሲ መንገድ አይበቃም። «ሃይ»፣ «ኦኬ»፣ «እናቴ የት ነች?»፤ በቃ! ባለጌ ልጅ ሆኖ አይደለም። ሲመጣ በር ይከፍትልኛል፤ ሳህኑን ያጥባል። ግን አንድ ነገር ስጠይቀው ትከሻውን ከፍ ዝቅ አድርጎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ኳስ ገዛሁለት፤ ኳስ አይወድም። ፊልም ልውሰድህ አልኩት፤ «ኖ ታንክስ»። ይህ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል፤ በገዛ ቤትህ እንግዳ መሆን ማለት ነው።

ልጁ የሚወደው ክራውለር የሚባለውን ነገር ነው። በሪሞት የሚነዳ መኪና ነው፤ ግን እንደሌሎቹ ሽው ብሎ የሚበር እንዳይመስላችሁ። የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ተደርጎ የተሠራ፣ አራቱም እግሩ የሚጎትት፣ እንደ ኤሊ የሚያዘግም፣ ሥራው ቋጥኝ መውጣት ብቻ የሆነ መኪና ነው። ፈጠነ ተብሎ የሚያደንቀው የለም፤ የሚመሰገነው ሳይገለበጥ ሲወጣ ነው። ነገሩ የተቀዳው ከትልልቆቹ ነው። በዩታ ሞአብ በምትባለው ከተማ ዙሪያ፣ በካሊፎርኒያም ሩቢኮን በሚሉት የድንጋይ መንገድ፣ ሰዎች ጂፓቸውን ፍየል እንኳ አስባ በምትወጣው ቋጥኝ ላይ ያወጣሉ። ምን ጎደለባቸው!

እዚህ ላይ ስለ ጎማ ጥቂት ካላወራሁ የቀረው ታሪክ አይገባችሁም። ለመሆኑ የመኪና ጎማ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ የሚቆመው በምን ይመስላችኋል? ብሎን የለው፣ ማስቲሽ የለው። የያዘው አየሩ ነው። ውስጥ ያለው አየር የጎማውን ከንፈር ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ገፍቶ ያጣብቀዋል። አስፋልት ላይ የሚሄድ የቤት መኪና 35 ፒኤስአይ ገደማ ይነፋል። ድንጋይ የሚወጣው ሰው ግን አየሩን ወደ 10 እና ከዚያም በታች ያወርደዋል፤ ጎማው ለስልሶ ድንጋዩን እቅፍ እንዲያደርግ። ችግሩ፣ አየሩ ሲያንስ ከንፈሩን የሚገፋው ኃይልም አብሮ ይደክማል። ትንሽ ወደ ጎን ሲጫነው ጎማው ከቸርኬው ውልቅ ይላል። ለዚህ የተፈለሰፈው ቢድሎክ የሚባለው ቸርኬ ነው። ከላይ ቀለበት ይደረግበትና የጎማው ከንፈር በቀለበቱና በቸርኬው መካከል ተነክሶ ዙሪያውን በብሎን ይታሰራል። (ቀለበት ስል የጋብቻውን አይደለም። እሱንማ በብሎንም ማሰር አልተቻለ።)

በትንንሾቹ ላይ ደግሞ አየር የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ውስጣቸው ስፖንጅ ነው። ብዙዎቹ የሪሞት መኪኖች ጎማቸው ከቸርኬው ጋር በሱፐር ግሉ ይጣበቃል፤ አንዴ ከተጣበቀ ወዲያ ስፖንጁን ልለውጥ ብትሉ ወይ ጎማው ይቀደዳል ወይ ቸርኬው ይበላሻል። ቢድሎክ ከሆነ ግን ፈትቶ መልሶ ማሰር ነው። የእኛ ልጅ የጎረቤት በረዶ እየጠረገ ባጠራቀመው ገንዘብ አራት የአሉሚኒየም ቢድሎክ ቸርኬና አራት ለስላሳ ጎማ ገዛ። 1.9 ኢንች የሚሉት ልክ ነው። በአንዱ ቸርኬ ከፊት 8፣ ከኋላ 8 ብሎን አለ፤ አራቱ ሲደመሩ 64! ብሎኗ ውፍረቷ 2 ሚሊሜትር፣ መፍቻዋ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ አንድ ሚሊሜትር ተኩል። ወድቃ ምንጣፍ ውስጥ ከገባች ደኅና ሁኚ ነው።

የመጀመሪያው ማታ ከሥራ ስገባ ልጁ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያስራል። እኔ ውኃ ልጠጣ ፍሪጁን ከፍቼ በትከሻው በኩል አየሁት። አንዷን ብሎን እስከ መጨረሻው ጥርቅም አድርጎ ያስራል፤ ከዚያ አጠገቧ ያለችውን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን… ዙሪያውን እየሄደ። ቀለበቱ በአንድ በኩል ሰምጦ በሌላው በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ቀርቷል። እጄ በላኝ! «አይ ልጄ፣ እንዲህ አይታሰርም» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ግን ዋጥኩት። በማግሥቱ ጓሮ ድንጋይ ላይ ሲያወጣው ጎማው ወለቀ። ሁለተኛው ማታ ደግሞ ስፖንጁ ከከንፈሩ ሥር ተቆንጥጦ ገብቶ አየሁ። እንደዚያ ሆኖ ከታሰረ ጎማው አንድ ቦታ ላይ እባጭ ያወጣና ሲሄድ ያነክሳል። አሁንም ውኃዬን ጠጥቼ ሄድኩ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኛላችሁ? «አንተ ይሄን ከየት አወቅኸው?» የሚል ጥያቄ ይከተላላ!

አባቴ ጎሚስታ ነው። አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ፣ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ደጃፏ ላይ አሮጌ ጎማ የተሰቀለባት ቤት ነበረችው። ያደግሁት በሌቫና በክሪክ መካከል ነው። ካላማዳሪውን ነፍቶ በግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ እየነከረ ሲያዞረው፣ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ በጣቴ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ አብሬው እውላለሁ። ብሎን ሳስርለት «ዙሪያውን አትሂድ! አንዱን ካሰርክ ፊት ለፊቱ ያለውን፤ በመስቀል፣ በመስቀል» ይለኝ ነበር። እስከ አሁን በሕልሜ የምሰማው ድምፅ ነው።

የጭነት መኪና ሲመጣ ግን አያስነካኝም። የእነ ኤንትሬ ቸርኬ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በደንብ ሳይገባ ከተነፋ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል፤ በዚህ የሞተ ጎሚስታ ብዙ ነው። አባዬ ሰንሰለት ይጠመጥምበትና መንፋት ከመጀመሩ በፊት «ፈቀቅ በል» ይለኛል። አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም። በ1988 አንዱ ሾፌር ቶሎ በል እያለ ሲያጣድፈው ሰንሰለቱን ሳይጠመጥም ነፋ። «ፈቀቅ በል» ማለቱን ግን ያን ቀንም አልረሳም። ቀለበቱ ወጥቶ ግራ ክንዱን ሰበረው። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቆሜ የነበረው ግድግዳው ጥግ ነው፤ ምንም አልነካኝም። ክንዱ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ክርኑ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

ታዲያ በዚህ አባት ማፈር ይገባ ነበር? አፈርኩ እንጂ! በ1995፣ 11ኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንዲት ልጅ አፈቀርኩ። ከትምህርት ቤት በር ላይ አብረን ቆመን እያወራን አባዬ ከነቱታው፣ ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ ከማዶ ስሜን ጠራ። ረስቼው የወጣሁትን ደብተር ይዞልኝ መጥቶ ነው። ልጅቷ «ማን ናቸው?» አለችኝ። «እኔ እንጃ፣ የሰፈር ጎሚስታ ናቸው መሰለኝ» አልኩና ፊቴን አዞርኩ። ይስማኝ አይስማኝ እንጃ። ማታ ቤት ስገባ ደብተሩ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። እሱም ምንም አላለ፣ እኔም ምንም አላልኩ።

ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ ተወችኝ፤ ውሸቱ ግን አብሮኝ ባሕር ተሻገረ። ባለቤቴ ገና ስንተዋወቅ «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ስትለኝ «ነጋዴ ነው፤ የመኪና ዕቃ ይነግዳል» አልኳት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አልጠየቃችሁኝ። አፌ ለምዶት ነው። ከዚያማ አንዴ ከተባለ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ።

ወደ ወጥ ቤቱ ልመልሳችሁ። ሦስተኛው ማታ ቸርኬው ግድግዳ ላይ ሲወረወር ሰማሁና ወጣሁ። ልጁ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተቀምጧል። እንባ እንዳለው አውቄያለሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ። እናቱ ሆስፒታል የማታ ተረኛ ነች። ቸርኬውን ከወለል አነሣሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ሁሉንም ፍታው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና መፍቻውን አነሣ።

መጀመሪያ ጎማዎቹን በለብታ ውኃና በሳሙና አሳጠብኩት። አዲስ ጎማ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት ይኖረዋል፤ እሱ ካልለቀቀ ከንፈሩ ይንሸራተታል። ሲደርቁ ጥርሳቸውን አየን። እንደ «ቪ» የተሠራ ጥርስ አቅጣጫ አለው፤ ሁለት ለግራ፣ ሁለት ለቀኝ መለየት አለበት፤ አለዚያ ሦስቱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ይሆንና ያስቃል። ስፖንጁን ከተትንና በአውራ ጣት ዙሪያውን እየተጫንን የታጠፈ አለመኖሩን ፈተሽን። ከዚያ የጎማውን ከንፈር ቸርኬው ላይ ካለችው ቦይ ውስጥ ማስገባት። ይቺ ነች ዋናዋ! ብዙ ሰው ቀለበቱ ስቦ ያስገባልኛል ብሎ ይቸኩላል። አያስገባም። በጥፍር እየዳሰሱ ዙሪያውን መግባቱን ማረጋገጥ ነው።

ይሄኔ ሳላስበው ቸርኬውን እያገላበጥኩ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ። «ምንድነው?» አለኝ። «ቫልቩ የታለ? መንፊያው?» ብለው ልጁ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሳቀ! ሲስቅ የማውቀው በስልኩ ላይ ብቻ ነበር። «አየር የለም! ሲ?» ብሎ ጎማውን ጨመቀው። ቸርኬው ላይ ካለች ቀዳዳ ፍስስ አለ። «መተንፈስ አለበት። ሲወርድ አየር ይወጣል፣ ሲነሣ ይገባል።» በተራው አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። በአማርኛ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀለበቱን ከቀዳዳዎቹ ጋር አስተካክለን ስምንቱንም ብሎኖች ሁለት ሁለት ዙር ብቻ አስያዝናቸው። ከዚያ በመስቀል፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ ደጋግሞ መዞር እንጂ አንዴ ጥርቅም የለም። «አንተ እያት፣ እኔ ላስር» አልኩና ኩራት ቢጤ ይዞኝ የመጨረሻዋን ዙር ስሰጣት ቀጭ! ብሎኗ ተቆረጠች። የጎሚስታ እጅ ኤንትሬ መስሎት! የ2 ሚሊሜትር ብሎን በሁለት ጣት ተይዛ፣ እምቢ ማለት ስትጀምር ማቆም ነው፤ ከዚያ ያለፈ ወይ ራሷ ይበጠሳል ወይ የመፍቻው ቦታ ይላጣል። ቸርኬው ፕላስቲክ ከሆነማ ጥርሱ ወዲያው ይበላል። ልጁ «ኢትስ ኦኬ፣ ስፔር አለኝ» ብሎ ሌላ ሰጠኝና መፍቻውን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደ። የቀሩትን ሦስት ቸርኬዎች ያሰረው እሱ ነው። እኔ መብራት ላይ ይዤ በቀለበቱና በቸርኬው መካከል ክፍተት መኖር አለመኖሩን ማየት ብቻ። ብሎን እንዳይላላ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ አንድ ጠብታ ነካ አደረግንባቸው። ይሄ ግን ብረት ከብረት ሲሆን ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ከዋለ ያሰነጥቀዋል።

የመጨረሻውን ጠረጴዛው ላይ ስናንከባልለው ቀጥ ብሎ ሄደ። ልጁ አየኝና «አንተ ይሄን እንዴት አወቅህ?» አለኝ።

ቢያንስ በዚያ ሰዓት መዋሸት አቃተኝ። «የአባቴ ሥራ ነው። ጎማ ሲሠራ ነው ያሳደገኝ» አልኩት።

«ፎር ሪል? የትልቅ መኪና? ኩል!»

ከኋላዬ የበሩ ቁልፍ ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ባለቤቴ ኮቷን እንደለበሰች ቆማለች። «አባትህ ነጋዴ አልነበሩም እንዴ?» አለችኝ።

ምን አለፋችሁ፣ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን እግሯ ሥር ልወድቅ ስል እንዲህ አለችኝ፦ «ጎሚስታ መሆናቸው እኔን ምን ይለኛል? የኔ አባት ዘበኛ እንደነበሩ የነገርኩህ በተገናኘን በሳምንታችን አይደለም ወይ? ያን ጊዜ እየሰማኸኝ ነው ለካ ነጋዴ የምትለኝ!» መልስ አልነበረኝም። ይህንን ያወቅሁት እሷ ስትነግረኝ ነው፤ እኔ የፈራሁት እንድትንቀኝ ነበር፤ እሷ የገባት ግን አባቷን እንደናቅሁባት ነው። «ሌላስ ምን አለ?» አለችኝ። «ሌላ የለም» አልኳት። እንዳላመነችኝ ዓይኗ ላይ አየሁ። ታርቀናል፤ ግን ይህ ጥያቄዋ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። እናንተ የምታገቡ ወጣቶች፣ ውሸት ሲጋለጥ እውነቱንም አብሮ እንደሚያስጠረጥር ከእኔ ተማሩና ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ተናገሩ። ልትሄድ የምትችል ካለች ያኔውኑ ትሂድ።

በዚያው ቅዳሜ ከልጁ ጋር ከዴንቨር ወደ ምዕራብ፣ ተራሮቹ ከሚጀምሩባት ከጎልደን ከተማ፣ ክሊር ክሪክ ወደሚባለው ወንዝ ዳር ሄድን። ድንጋይ እንደ ልብ ነው። መኪናዋ እንደ አሮጊት እየተጠነቀቀች ወጣች። ጎማዋ ድንጋይ ላይ ተጨፍልቆ፣ ጠርዙ ተጣጥፎ፣ ቀለበቱ ግን ነክሶ እንደያዘ። ሁለቴ ተገለበጠች፤ ጎማ አልወለቀም። ልጁ የፊቱ ጎማ ውስጥ ክብደት ቢጨመር ሽቅብ ሲወጣ አፍንጫዋ አይነሣም ብሎ ሙሉ መንገዱን ሲያስረዳኝ ተመለስን። እኔም «እሺ»፣ «ኦኬ» እያልኩ።

እሑድ ለአባዬ በቪዲዮ ደወልን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን የያዘው ልጁ ነው። አንዱን ቸርኬ ፈትቶ አዘጋጅቶ ነበር፤ ለአያቱ ሊያሳይ። (አያቱ ያለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።) አባዬ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ላይ ተለጠፈ። ልጁ ስፖንጁን ከተተ፣ ከንፈሩን አስገባ፣ ቀለበቱን አስቀመጠ፣ ብሎኖቹን በመስቀል ማሰር ጀመረ። አባዬ ዝም ብሎ ያያል። የማይዘረጋውን ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ። የደብተሩን ነገር እስካሁን አላነሣሁለትም። አሁን ላንሣው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ልጁ ቸርኬውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ የመጨረሻዋን ብሎን ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ።

«ስማ እንጂ! ልጁን ከፊቱ ፈቀቅ አድርገው!» አለ አባዬ።

«አባዬ፣ አየር የለውም እኮ፤ ስፖንጅ ነው።»

«ቢሆንም።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ፈቀቅ ምንድነው?» አለኝ። ወንበሩን ይዤ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩት።